ማሞቂያው ላይ ያለው ወንበር

«ዝም በሉ፣ እየቀረጽኩ ነው» አለች ኬሲ፣ ስልኳን በሁለት ወንበሮች መሃል አሾልካ።

የአውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ካፖርታቸው እስከ አገጫቸው ተቆልፏል፤ ግራጫ ባርኔጣቸው ግንባራቸው ላይ ወርዷል፤ አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል። የአውቶቡሱ ማሞቂያ ያለው ከዚያ ወንበር ሥር ስለሆነ አጠገባቸው ያለው መስታወት በእንፋሎት ተሸፍኗል።

«እንደምን ዋላችሁ ተመልካቾቻችን!» ኬሲ እንደ ዜና አንባቢ ድምጿን አወፈረች። «የሃያ አንድ ቁጥር አውቶቡስ ንጉሥ ዛሬም ዙፋኑ ላይ ነው። ይተንፍስ አይተንፍስ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም።»

ከትምህርት ቤት የተሳፈሩት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ጆዲም ሳቀች። ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይታ ነው የሳቀችው፤ ግን ሳቀች።

«ሰውዬው ግን ቤት የለውም እንዴ?» አለች ኬሲ ስልኳን ኪሷ እየከተተች። «በየቀኑ እዚሁ ነው እኮ። አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ፣ አታውቂውም?»

«እኔ? ከየት አውቀዋለሁ?»

ቃሉ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ። ሽማግሌው ኖርማን ይባላሉ፤ የጆዲ እናት አባት ናቸው። ብስክሌት መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ ቁስሏን በምራቃቸው አጥበው እናቷን ያናደዱትም እሳቸው።

ግን ምን ታድርግ? ኬሲ ከሊድስ ወደዚህች ከተማ የመጣችው መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጆዲ ዓመቱን ሙሉ ምሳዋን የበላችው ብቻዋን ነበር። መቶ ልጆች በሚጯጯሁበት አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ሳንድዊች ያላመጠ ሰው ያውቀዋል፣ እንዴት ጉሮሮ ላይ እንደሚቆም። ጓደኛ ስታገኝ ደግሞ በአያቷ የተነሳ «ፋራ» ተብላ እንድታጣት አልፈለገችም።

አውቶቡሱ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆመ። የኖርማን ፌርማታ እዚህ ነው። ጆዲ በዓይኗ ጥግ አየቻቸው። ኖርማን አልተነሱም። እሷ በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ ወደ ኋላ ስትመለከት፣ አውቶቡሱ ባርኔጣቸውን በመስታወቱ እያሳየ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ነጎደ።

ነገሩ ቤት ውስጥ የታወቀ ቀልድ ነው። ኖርማን ዕድሜ ልካቸውን ሃያ አንድ ቁጥርን ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁንም በየቀኑ ይሳፈራሉ። የአዛውንት ነጻ የመሳፈሪያ መታወቂያቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መሥራት ሲጀምር ፌርማታው ላይ ናቸው። «አዲሶቹን ሾፌሮች ካልተቆጣጠርኳቸው መንገዱን ይስቱታል» ይላሉ። የጆዲ እናት ዶና ደግሞ «ጡረታ የወጣው አባዬ ነው እንጂ እግሩ አይደለም» ብላ ትስቃለች።

እሑድ እሑድ ጆዲና እናቷ ኖርማን ቤት ምሳ ይበላሉ። ሥጋ ጥብስ፣ ድንች፣ በላዩ ትኩስ መረቅ። ቤቱ ሹራብ እስኪያስወልቅ ይሞቃል። ጥግ ላይ ባለው ጎጆ ውስጥ ብስኩት የምትባል ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለች። ብስኩት የኖርማን ሚስት፣ የጆዲ ሴት አያት የሞሪን ወፍ ነበረች። ሞሪን ከሞተች ሁለት ክረምት ሆኗታል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ወፏ በሟቿ ድምፅ ትጮኻለች፦

«ኖርማን፣ በሩን ዝጋው! ብርዱ ገባ!»

ሁሉም ይስቃሉ። ኖርማንም ይስቃሉ፤ ሁልጊዜም በሩን ይዘጋሉ።

አውቶቡሱ ውስጥ በተሳቀ ማግስት፣ ከትምህርት በኋላ ጆዲ ኬሲን «ራሴን አሞኛል» ብላ ዋሸቻትና በእግሯ ወደ አያቷ ቤት ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር። ምን ብላ እንደምትጠይቅ ግን አላወቀችም። አሥር ሰዓት ገና ሳይሞላ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ካፊያው ፊት ላይ እንደ መርፌ ይወጋል። ብታንኳኳ መልስ አጣች። ከአበባ ማሰሮው ሥር ቁልፉን አውጥታ ገባች።

ኮሪደሩ ውስጥ የገዛ ትንፋሿን አየች። እንደ ጭስ ከአፏ ይወጣል። ውጭው ይሻል ነበር። ጣሪያው አጠገብ ግድግዳው ጠቁሯል፤ እሑድ እሑድ እንዴት እንዳላየችው ገረማት። ኩሽናው ውስጥ ውሃ የተቀዳበት ብርጭቆ ስትነካ እንደ በረዶ ቀዝቅዟት እጇን መለሰች።

«ኖርማን፣ በሩን ዝጋው! ብርዱ ገባ!»

ጆዲ ደንግጣ ዘለለች። ድምፁ የመጣው ከትንሿ የጓዳ ክፍል ነው። ከፍታ ስትገባ ብስኩት ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣለች። ጎጆው በሦስት በኩል በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ በአራተኛው በኩል አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀይ ሆና በርታለች። ከቤቱ ሁሉ የሞቀው ይህ አንድ ጥግ ብቻ ነበር።

የውጭው በር ተከፈተ። ኖርማን ካፊያውን ከባርኔጣቸው እያራገፉ ገቡ።

«አንቺ! ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» አሉና፣ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳይሰቅሉ በጥድፊያ ወደ ግድግዳው ሄዱ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ማሞቂያውን ላብራልሽ።»

«አባባ፣ ቤቱ ለምን እንዲህ ሆነ?»

«አሁን ስለገባሁ ነዋ።»

«ግድግዳው ሻግቷል እኮ።»

ኖርማን ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ከበሩ ጀርባ የሞሪንን ሮዝ ጋዋን አንስተው ከካፖርታቸው በላይ ለበሱ። እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን ጆዲ በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ግን አንጀቷን በሏት።

«ቆጣሪው የካርድ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ካርዱ ደግሞ ለሁለታችን አይበቃም፤ ለእኔና ለብስኩት። እኔ አውቶቡስ አለኝ። እሷስ የት ትሄዳለች?»

ጆዲ ያን ጊዜ ነው የገባት። የሾፌር ቁጥጥር አይደለም። ናፍቆትም አይደለም። ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ ከከተማ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ከተማ የሚመላለሱት ማሞቂያው ላይ ለመቀመጥ ነው።

«መንግሥት በክረምት ለአዛውንቶች የማሞቂያ ገንዘብ ይሰጥ የለም እንዴ?»

«ይሰጥ ነበር። ሳልጠይቅ ይመጣ ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ባንክ ገብቶ አገኘዋለሁ። አያትሽ ‹የንግሥቲቱ ከሰል መጣ!› ትል ነበር። አሁን ሕጉን ቀየሩት። ለድሃ ብቻ ነው አሉ። ስልክ ደውለሽ ‹አጣሁ፣ ተቸገርኩ› ማለት አለብሽ።»

«ታዲያ ይደውሉላቸዋ!»

ኖርማን ዓይናቸውን ወደ ብስኩት ማሞቂያ መለሱ።

«አባቴ ሲሞት ካንቺ አንስ ነበር» አሉ። «እናቴ እርዳታ ጠየቀች። አንድ ሰውዬ ተላከ። ቤታችን ገብቶ ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም። ቁምሳጥኑን ከፈተ። ድስቱን ከፈተ። የአባቴ ቦት ጫማ በሩ ጋ ነበር፤ እናቴ ማንሳት አልሆነላትም ነበር። ሰውዬው በእግሩ ነካ አድርጎት ‹ይሄ የማነው? ወንድ ታስገቢያለሽ እንዴ?› አላት። እናቴ ቆማ ነበር። በገዛ ቤቷ እንደ ተማሪ ቆማ።» ጋዋኑን ሰበሰቡት። «ያን ቀን ማልኩ። የሰው ፊት አላይም።»

ጆዲ ወደ እሳቸው ተጠጋች። «ለእማዬ እንንገራትና…»

«እንዳታደርጊው!» ኖርማን ክንዷን ያዙ፤ ጣቶቻቸው በሹራቧ በኩል እንኳ ቀዘቀዟት። «እናትሽ እዚያ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ታስገባኛለች። እዚያ ደግሞ ወፍ አያስገቡም። ይገባሻል? ብስኩትን አያስገቡም። ቃል ግቢልኝ።»

«አባባ…»

«ቃል?»

«ቃል» አለች ጆዲ።

ልትሄድ ስትል በሩ ጋ ቆመች። «አባባ፣ ትናንት አውቶቡሱ ውስጥ…»

«ትናንት?» ኖርማን ፈጠን ብለው አቋረጧት። «ትናንት ተኝቼ ነበር። ምንም ያየሁት ነገር የለም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆዲ በየቀኑ እየሄደች የቤት ሥራዋን አያቷ ቤት ትሠራ ጀመር። አንድ ቀን የራሷን ብርድ ልብስ ተሸክማ ሄደች፤ ሌላ ቀን ሾርባ በፔርሙዝ። ኖርማን አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቀድመዋት ወርደው ይጠብቋታል፤ እሷ ኬሲ እንዳታውቅ በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ በእግሯ ትመለሳለች። ገና ስትገባ ማሞቂያውን ያበራሉ።

«አያብሩት አባባ፣ ጃኬት ለብሻለሁ።»

«እንግዳ በብርድ አስቀምጬ አላውቅም። ሞሪን ብትሰማ ከመቃብር ትነሳብኛለች።»

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

«ጫማሽን ጥረጊ ብዬሽ ከጠረግሽ እንግዳ ነሽ። የቤት ልጅ አይጠርግም» ይሏትና ይስቃሉ።

ቤቱ ይሞቃል። ብስኩት ትለፈልፋለች። ኖርማን የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የጆዲን ሒሳብ ያያሉ፤ አንዱንም አያውቁትም፣ ግን «ይሄኛው ትክክል ይመስላል» ይላሉ። ጆዲ ደስ ይላታል። አያቷን ብቻቸውን አልተወቻቸውም፣ ቃሏንም ጠብቃለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ካርዱ ከየት እየተሞላ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ዕለት ስልክ ተደወለ። ዶና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች።

«አባዬ ነው» አለች ስልኩን ስትዘጋ። «ነገ አትምጡ ይላል። የድሮዎቹ ሾፌሮች ክበብ ምሳ አለብኝ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ነው ያለኝ። እግሬ አልቋል። ነገ እንደ ድንጋይ እተኛለሁ።»

የሾፌሮቹ ክበብ ከተዘጋ ቆይቷል። ጆዲ ይህን ታውቃለች፤ በሩ ላይ የተቸነከረውን ጣውላ በየቀኑ ከአውቶቡስ ታየዋለች። አፏን ከፈተች። እናቷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጣቶቿ በሳሙናና በውሃ ብዛት ቆስለዋል። ቃል? ቃል። ጆዲ አፏን ዘጋች።

እሑድን ሙሉ ብርድ ሆኖ ዋለ፤ ከቀትር በኋላ እንኳ የመኪኖቹ መስታወት ላይ ያለው አመዳይ አልቀለጠም። ጆዲ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ «ሻይ እየጠጡ ይሆናል» አለች ለራሷ። ሌላም ሌላም አለች። አንዱም አላሳመናት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥተው ሲሳፈሩ የመጨረሻው ወንበር ባዶ ነበር።

«ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዷል!» ብላ ኬሲ ሮጣ ተቀመጠችበት። «ዋው፣ እዚህ እኮ ይሞቃል! ለካ ሽማግሌው አራዳ ነው!»

«ጆዲ» አለ ሹፌሩ።

ጆዲ ዞር አለች። ሹፌሩ ኢምራን ይባላል፤ ስሙን የምታውቀው ደረቱ ላይ ከተለጠፈው ነው። እሱ የእሷን ስም ከየት አወቀው?

«አያትሽ ደህና ናቸው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ አልመጡም። ቀርተው አያውቁም እኮ።»

«አያቴ መሆናቸውን እንዴት አወቁ?»

«ስለ አንቺ ሲያወሩ አይደል የሚውሉት! እዚህ ፌርማታ ልንደርስ ስንል ‹አሁን የኔ ልጅ ትገባለች› ይሉኛል። ከዚያ ባርኔጣቸውን ዝቅ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ‹ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ላሳፍራት አልፈልግም› ይላሉ። እኔማ ‹ጋሽ ኖርማን፣ ልጅቷ ደስ ይላታል እንጂ አታፍርም፣ ይጥሯት› ብያቸው ነበር። እምቢ አሉ።»

ጆዲ ዞር ብላ የመጨረሻውን ወንበር አየች። ተኝተው አያውቁም ማለት ነው። ይተንፍስ አይተንፍስ የተባለውን ሰምተዋል። የልጆቹን ሳቅ ሰምተዋል፣ የእሷን ሳቅ ከሌሎቹ ለይተው ሰምተዋል። «ከየት አውቀዋለሁ» ያለችውንም።

ቤተ ክርስቲያኑ ፌርማታ ገና ሳይደርስ ደወሉን ተጫነች።

«የት ነው? ጆዲ! ያንቺ እኮ የሚቀጥለው ነው!» ኬሲ ከኋላ ጮኸች። ጆዲ አልመለሰችላትም፤ ወርዳ ሮጠች።

ከአበባ ማሰሮው ሥር ቁልፉን አወጣች። በሩን በርግዳ ገብታ እንደተከፈተ ተወችው። ጆሮዋን ጥላ ጠበቀች። ማንም «ዝጋው» አላለም።

ኖርማን ጓዳ ውስጥ ከጎጆው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሮዙን ጋዋን ለብሰዋል። ትንሿ ማሞቂያ ጠቁራለች። በመዳፋቸው ውስጥ ብስኩት አለች፤ ክንፏ ተጣጥፎ፣ እግሮቿ ወደ ላይ ተሰብስበው።

«ካርዱ ቅዳሜ አለቀ» አሉ። ምላሳቸው ከብዶ ቃሉ ይጎተታል። «ጡረታዬ የሚገባው ነገ ነው። ካፖርቴ ውስጥ አስገባኋት። ልቧ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። በኋላ የሷም የእኔም አልሰማኝ አለ።»

«አባባ፣ ይነሱ። ይነሱ፣ እባክዎ።»

«ድምጿ እኮ ነበር» አሉ ኖርማን፣ ያልሰሟት ያህል። «ፎቶ አይናገርም። ድምጿ ያለው እዚህች ውስጥ ብቻ ነበር።»

ጆዲ አጠገባቸው ተንበረከከች። በየቀኑ ሲበራላት የነበረው ማሞቂያ፣ ጃኬቷን አውልቃ የተቀመጠችበት ሙቀት፣ ከየት እንደመጣ አሁን ገባት። የብስኩት ነበር። እሪ ብላ ማልቀስ ፈለገች፤ ግን የአያቷ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ስልኳን አወጣች።

«ቃል ገብተሽልኛል» አሉ ኖርማን።

«አዎ» አለች ጆዲ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። የእናቷን ቁጥር ነካች። «እማዬ፣ አባባ ቤት ነይ። አሁኑኑ ነይ።»

ዶና ከአምቡላንሱ ጋር እኩል ደረሰች። ክፍሉ መሃል ቆማ ሻጋታውን፣ ጋዋኑን፣ ባዶውን ጎጆ ተራ በተራ አየች። ይህች ሴት በየቀኑ የሰውን አባት በብርድ ልብስ ስትጠቀልል የምትውል ሴት ናት። የሥራ ጃኬቷን አወለቀችና አባቷን ሸፈነች። ከዚያ ፊቷን በእጇ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ኖርማን ሆስፒታል ሰነበቱ። ሳንባቸው ተጎድቷል፤ ዶክተሩ ወደዚያ ቤት እንዳይመለሱ ከለከላቸው። የጆዲ ክፍል ተሰጣቸው፤ እሷ ሶፋው ላይ ተኛች። ብስኩትን እሷና እናቷ ከሞሪን ጽጌረዳ ሥር ቀበሯት። መሬቱ በውርጭ ደርቆ አልቆፈር ብሎ አስቸገራቸው።

ዶና ለመንግሥት ቢሮው ደወለች። ከብዙ የስልክ ማቆያ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ሴት አነጋገረቻት። ይገባቸዋል፣ ይከፈላቸዋል፤ ግን ባለቤቱ ራሳቸው መጠየቅ አለባቸው አለቻት።

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አናግራቸው። ወደ ቤትህ መመለስ ከፈለግህ ሌላ መንገድ የለም።»

ኖርማን በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ለዶና «አልለምንም» አሏት። ለጆዲ ግን ይህንንም አላሏትም። ሻይ ስታመጣላቸው ይቀበላሉ፤ ስትቀመጥ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጆዲ የጨፈነ ዓይናቸው ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቅ፣ ከቁጣ ይልቅ ያ ያማት ነበር።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት የመጨረሻው ቀን፣ ጆዲና ኬሲ ከብዙ ልጆች ጋር እየተጋፉ ሃያ አንድ ቁጥር ላይ ተሳፈሩ። ኬሲ መታወቂያዋ ጠፍቶባት ደረጃው ላይ ቦርሳዋን ትበረብራለች፤ ከኋላዋ ሌሎች ተደርድረዋል፤ ክፍት በሆነው በር የባሕሩ ንፋስ እያፏጨ ይገባል።

ጆዲ ቀና ስትል አየቻቸው። ቤት ውስጥ ሙቀት ሞልቶ ሳለ ተመልሰው መጥተዋል። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ካፖርታቸው እስከ አገጫቸው ተቆልፎ። እሳቸውም አዩዋት። አዩዋትና እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሄደ።

«ኦ ኦ! ንጉሡ ተመልሷል!» ኬሲ ስልኳን መዘዘች። «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ፣ እየቀረጽኩ ነው።»

ጆዲ በልጆቹ መሃል አልፋ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደች። ባርኔጣው ግንባራቸው ላይ ወርዷል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። አጠገባቸው ተቀመጠች። ከእግሯ ሥር ሙቀቱ መጣ።

«አባባ» አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «አይተኙ።»

የኖርማን ዓይን ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ኬሲ፣ አያቴ ናቸው። ኖርማን ይባላሉ።»

የኬሲ ፊት ቀላ፤ ስልኳን ወዴት እንደምትከተው ጠፋት። «እ… እንዴት ነዎት?» አለች በመጨረሻ።

ኖርማን የካፖርታቸውን አንገት ሰበሰቡ። በሩ ገና እንደተከፈተ ነው፤ ንፋሱ በወንበሮቹ መሃል እስከ እነሱ ድረስ ይመጣል። ድንገት ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ ፊት ጮኹ፦

«ኢምራን፣ በሩን ዝጋው! ብርዱ ገባ!»

ድምፁ የእሳቸው ነው፤ አጠራሩ ግን፣ «ዝጋው» ላይ ወጣ ማለቱ፣ ራሱ ሞሪን ነበር። ኢምራን እየሳቀ በሩን ዘጋ። ኖርማን የተናገሩትን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው መሰል፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጆዲ ክንዳቸውን ያዘች።

ቤተ ክርስቲያኑን አለፉ። የጆዲንም ፌርማታ አለፉ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወርደው አለቁ፤ ኬሲ ስትወርድ እጇን በፍርሃት አወዛወዘች።

«ያ ስልክ…» አሉ ኖርማን መንገዱን እያዩ። «ብዙ ያስጠብቃሉ?»

«እማዬ ብዙ ሙዚቃ አለው ብላለች።»

«ባሕሩ ጋ እስክንደርስ ጊዜ አለን።»

ጆዲ ቁጥሩን ነካች፣ ስልኩን በሁለታቸው መሃል ያዘች። ሙዚቃው ጀመረ። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ወርዶ ግራጫው ባሕር ሲታይ ሙዚቃው ተቋረጠና የአንዲት ሴት ድምፅ «ምን ልርዳዎት?» አለ።

ኖርማን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሊለምን እንደመጣ ሰው ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ በስሱ የቀረችው ነጭ ጸጉራቸው ቆማለች።

ጆዲ በነጻ እጇ ባርኔጣውን ወሰደችና መልሳ ራሳቸው ላይ አደረገችላቸው።